የሰርጌ ቮልስና ባዶው ሰልባትዮ

የሰርጌ ዕለት ሙሽራዬን አመጣባታለሁ ብዬ ያዘጋጀኋት መኪና ቤንዚን አትይዝም ነበር። አዎ፣ መኪና ሆና ቤንዚን የማትይዝ! ሳቃችሁ አይደል? ግዴለም፣ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር። ሳቄን ያስቆመው ነገር ኋላ ይመጣል፤ እስከዚያው ጨዋታውን ከሥሩ ላንሳላችሁ።

ያነሳሳኝ ሰሞኑን የሰማሁት ወሬ ነው። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ለጓደኛው "የአያቴን ፊያት ሰልባትዮ ላስበይድ ነው፤ እምቢ ካለም ሌላ አስገጥምበታለሁ። በያጅ አግኝቻለሁ፣ በአንድ ቀን ያልቃል" ሲለው ሰማሁ። "በአንድ ቀን" የምትለዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሰልባትዮ ሲባል ግራ የሚገባችሁ ካላችሁ፣ የመኪና ቤንዚን ማጠራቀሚያ ማለት ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ይዞ ሲቆይ ፒያሳውንና ሕንፃዎቹን ብቻ አይደለም ትቶልን የሄደው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ሰልባትዮ... ጋራዦቻችን እስከ ዛሬ ግማሹን በጣሊያንኛ ነው የሚያወሩት።

እንዲህ ዓይነቱ ወሬ ደግሞ ገና ይበዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ እጃችን ላይ ያለው ቤንዚን ጠጪ ሁሉ ከዓመት ዓመት እያረጀ የሚሄድ ነው። ያረጀ መኪና ሰልባትዮ ምን እንደሚሆን ደግሞ እኔን ጠይቁኝ።

ንጉሡ የተቀመጡበት ወንበር

አባቴ አስተማሪ ነበር። ዳባትም፣ ደባርቅም፣ ኋላ ጎንደር ከተማም አስተምሯል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ መምህር እጅ ባለ 1,200 ሲሲ ቮልስ ዋገን ገዛ። ሊብሬዋ ላይ የተሠራችበት ዘመን እ.ኤ.አ. 1965 ይላል። ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ።

ቮልስ ማለት ዝም ብላ መኪና እንዳትመስላችሁ! በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። እኛ አገር ደግሞ የታሪክ ድርሻ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። እኛ ልጆቹ "ከፊት እኔ ልቀመጥ፣ እኔ ልቀመጥ" እያልን ስንጣላ አባቴ "ንጉሡን እንኳ ከኋላ ነው ያስቀመጧቸው፤ ኋላ መቀመጥ ክብር ነው!" ይለን ነበር። እናምነውና ከኋላ እንጋፋለን።

ጉልበቷ 34 ፈረስ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ደባርቅ ሲኬድ መንገዱ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ስትደርሱ ከ34ቱ ፈረሶች አሥሩ ወደብ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው! ቢሆንም እያቃሰተች ትወጣዋለች። አባቴም "አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ" እያለ መሪዋን ይደባብስ ነበር። እናቴን እንዲህ ሲላት ግን ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከፊት ኮፈኑን ብትከፍቱ የምታገኙት ስኮርታ ጎማውንና ሰልባትዮውን ነው። ሰልባትዮው 40 ሊትር ይይዛል፤ የተቀመጠውም ከሾፌሩና ከጎኑ ከሚቀመጠው ሰው ጉልበት ፊት ለፊት፣ አንዲት ላሜራ ብቻ ጋርዳው ነው። ይህን ያዙልኝ። ብዙ ሰው ቮልስ እየነዳ አርባ ሊትር ቤንዚን ታቅፎ እንደተቀመጠ አያውቀውም።

አባቴ በ2002 ዓ.ም. አረፈ። መኪናዋን ማንም ሊነዳት ልቡ አልቻለም፤ ግቢያችን ውስጥ ከባሕር ዛፍ ሥር ሦስት ክረምት ከረመች። ሰልባትዮዋ ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ ቤንዚን። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ባዶው ክፍል አየር ይይዛል፣ የጎንደር ክረምት አየር ደግሞ እርጥበት ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ይጤዝና ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ሥር ወርዶ ይተኛል፤ ተኝቶም ላሜራውን ይበላል። መኪና ለብዙ ጊዜ የምታቆሙ ሰዎች፣ ወይ ሞልታችሁ አቁሙ ወይ አንጠፍጥፋችሁ አድርቁ። ግማሽ የሚባል ነገር የለም።

በ2006 ዓ.ም. ልጅቷን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። ደባርቅ ናት ቤታቸው። ቀኑ ለጥር ተቆረጠ። እኔም በሆዴ "አባቴ ባይኖር መኪናው ትኖራለች፤ ሙሽራዬን የማመጣው በእሷ ነው" አልኩ። ባትሪ ገዛሁ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ አስነሳኋት... ተነሳች! ግቢው በሙሉ እልል አለ። እስከ አዘዞ ወረድኩባትና መመለሻው ላይ ቀጥ። ከሰልባትዮው በታች ያለውን ቱቦ ብፈታው የወጣው ቤንዚን አይደለም፣ የዝገት አተላ ነው። ከሥር ደግሞ በሦስት ቦታ ያንጠባጥባል።

አንድ ወዳጄ "ምን ትጨነቃለህ!" ብሎ የሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ሞልቶ ከሞተሩ አጠገብ በሽቦ ሰቀለና በቀጭን ቱቦ ከካርቡራተሩ ጋር አገናኘው። መኪና ሠሪ ነኝ ባይ ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ናት፤ ትሠራለችም። ግን የጋለ ሞተርና የፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን በአንድ ጓዳ ውስጥ! ለገበያ ጎንደር ወርዳ የነበረችውን እጮኛዬን በዚያች አሳፍሬያት ስሄድ "ከኋላ የሚንቀጨቀጨው ምንድን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "አቁም!" አለች። ወርዳ በሩን ዘጋችና "ከአንተ ጋር ልኖር ነው እሺ ያልኩት፣ ልቃጠል አይደለም" ብላኝ በባጃጅ ሄደች።

ባዶ የተባለው

ከሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰልባትዮውን ፈትቼ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የነሱ አይደለምና። በያጁ አገላብጦ አየውና "ይሄ መታጠብ አለበት። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ፣ ውሃ ሞልቼ ነው የምነካው። ነገ ከሰዓት ና" አለኝ።

ወገኖቼ፣ ጥምቀት ደርሷል። ከተማው በእንግዳ ተጥለቅልቋል። የድንኳን፣ የበሬ፣ የቪዲዮ ቀራጭ ጣጣ ጭንቅላቴ ላይ ይጨፍራል። "ነገ ምን ሲደረግ! ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ክፍቱን ነበር፤ ባዶ ነው። ሽታ እንኳ የለውም፣ እየው!" አልኩ። በያጁ ራሱን ነቅንቆ ምሳውን ሊበላ ወጣ። ሥራ የሚማር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረው። እኔ ቆሜ ሰዓቴን ሳይ ልጁ አየኝ። "ጋሼ፣ ትንሽ ቀዳዳ እኮ ናት" አለ። አስቡት፤ እኔ ታላቅየው "ተው" ማለት ሲገባኝ ከኪሴ መቶ ብር አውጥቼ አሳየሁት።

የጋዙን እሳት ለኮሰና አስጠጋው።

ድምፁን ልነግራችሁ አልችልም። "ዷ!" ብላችሁ አትሞክሩት፤ ከዚያ የወፈረ ነው። ሰልባትዮው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋና በስፌቱ ተተረተረ፣ አንዱ ገጹ ተገንጥሎ ጣሪያውን መትቶ ወደቀ። ልጁ ደግነቱ ፊቱን አዙሮ ነበር። ቀኝ እጁ ግን ከክንዱ እስከ ጣቱ፣ አንገቱም በከፊል ተለበለበ። እኔ? ምንም አልሆንኩም። ቅንድቤ እንኳ አልተነካም።

ሰዎች የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል እያሉ ሲሯሯጡ ከምሳ የተመለሰው በያጅ ነው ልጁን እየጎተተ ቧንቧ ሥር ያቆመው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድበት ቆየ። ኋላ ሐኪሙ "ያ ውሃ እጁን አትርፎታል" አለን። እናንተም ብትሆኑ፣ ለቃጠሎ የመጀመሪያው መድኃኒት ብዙ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሳሙናውም፣ ቅቤውም፣ ቡናውም ይቅር።

እንግዲህ ባዶ ያልኩት ነገር ምን ነበር? ቤንዚን ፈሳሹ አይደለም የሚነደው፣ ትነቱ ነው። የመኪና ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ ለጎንደር ፀሐይማ ምን ይባላል። ትነቱ ከመቶ እጅ አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 እጅ ብቻ ሲሆን ነው የሚፈነዳው። ሙሉ ሰልባትዮ ውስጥ አየር የሚገባበት ቦታ የለም። ባዶ በተባለው ውስጥ ግን ዝገቱ ሥርና ስፌቱ መሐል የተደበቀው ጠብታ ቀስ እያለ ይተናል፤ ልኩ ልክ ይሆናል። ከሙሉው ይልቅ ባዶው የሚገድለው ለዚህ ነው! ትነቱ ደግሞ ከአየር የከበደ ስለሆነ በሰልባትዮው አፍ አይወጣም፣ ሥር ይተኛል። አፍንጫችሁን አፉ ላይ ደቅናችሁ "አይሸትም" ብትሉ እንደ እኔ መሞኘት ነው። በዚሁ ምክንያት ቤንዚን ጉድጓድ ባለበት ጋራዥ ውስጥ አይቀዳም፤ ትነቱ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሰው ይጠብቃል።

ልጁ ሦስት ሳምንት ተኛ። በየቀኑ እሄድ ነበር፤ አያናግረኝም። እናቱ ዘንድ ሽማግሌ ይዤ ቀረብኩ። ቤታቸው ትንሽ ናት፣ ስንገባ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ነው የገባነው። ሽማግሌዎቹ የእርቅ ቃላቸውን ሊያወርዱ ሲሉ እጃቸውን አነሱና አስቆሟቸው። "ልጄ" አሉኝ፣ "የሐኪሙን ገንዘብ አምጣ፣ እቀበላለሁ። ይቅርታውን ግን እሱን ጠይቀው። የተቃጠለው የእሱ እጅ ነው እንጂ የኔ አይደለም።" ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቡና አፍልተው አጠጡን።

ወደ ደባርቅ ደውዬ ለእጮኛዬ ነገርኳት። የመቶ ብሩንም ጭምር። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን" አለች። ጌሾው ተወቅጧል፣ ጥንስሱ ተጥሏል፣ አባቷ "ምን ጉድ ነው!" ብለው ተቆጥተዋል። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። "ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ አልጨፍርም" አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ነው ያገባኋት ማለት እችላለሁ። የቀረው ወረቀትና ድግስ ነው።

ካርቶን ይዞ ሱማሌ ተራ

የጎንደርን ቮልሶች ሁሉ ያከሙ አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። እሳቸው ጋ ሄድኩ። ሌላ ሰልባትዮ ፈልጌ እንደምገጥም ስነግራቸው "ከማን ላይ የወጣ?" አሉኝ። "ያገኘሁትን" አልኩ። "ሰልባትዮ ባልዲ መሰለህ? ቤንዚን ስለያዘ ብቻ ይገጥማል?" ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው ኮፈኑን ከፍተው ሰልባትዮው የሚቀመጥበትን ቀዳዳ በካርቶን ላይ በእርሳስ ለኩ፣ ቆረጡና ሰጡኝ። "ይሄን ይዘህ ሂድ። ካርቶኑ ላይ ያልተቀመጠ፣ መኪናው ላይም አይቀመጥም።"

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ። የመኪና አካል ከፈለጋችሁ እዚያ ያልታየ የለም። ካርቶን ታቅፌ ስዞር ነጋዴዎቹ "ልብስ ልታሰፋ ነው እንዴ?" ይሉኛል። የመጀመሪያው ያሳየኝ በጣም ንጹሕ ነበር፤ ግን 1303 ከሚባለው ሞዴል የወጣ ነው። የዚያ ሞዴል የፊት እግር አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ሰልባትዮውም ቅርጹ ሌላ ነው። ካርቶኑ ላይ አስቀመጥነው፣ ጭራሽ! ነጋዴው "ትንሽ ብትቀጠቅጠው..." አለ። ቀጥቅጦ ለማስገባት የሞከሩ ሰዎች አሉ፤ ስፌቱ ይከፈትና ጉልበታቸው ላይ ያንጠባጥባል።

ሦስተኛው ሱቅ ካርቶኑ ላይ ልክክ ያለ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ ከተሠራ ቮልስ የወጣ። ውስጡን በባትሪ መብራት አየሁት፣ ዝገት የለውም። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴ ይህን ጋዜጣ ታነባለች።

ዘመድ ቤት ወስጄ በሙቅ ውሃና በኦሞ እስኪሰለቸኝ አጠብኩትና በጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የአውቶቡሱ ረዳት "ምንድን ነው?" ቢለኝ "ሰልባትዮ፣ የታጠበ" አልኩት። አፍንጫውን ደቅኖ አሸተተና "የሞላ ብታመጣ ይሻል ነበር፣ ነዳጅ ተወዷል" ብሎ ጣሪያ ላይ ጫነልኝ። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባይ በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ ገደሉን ያያል፣ እኔ ጣሪያውን።

አንገት፣ ትንፋሽና እንጨት

መግጠሙ ራሱ ቀላል ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ያስወለቁኝ ባትሪውን ነው፤ የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ? ከዚያ ዙሪያውን አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አራት መያዣ፣ አራት ቡሎን፣ አለቀ። ጣጣው ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

አንገቱን እንይ። የአባቴ ሞዴል ቤንዚን የሚቀዳው ኮፈኑ ተከፍቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ ያሉት ግን አንገታቸው ወደ ጎን ሄዶ በቀኝ ፓራፋንጎ በኩል ከውጭ ይከፈታል። የኔዋ እዚያ ቀዳዳ የላትም። "እንብሳው" አልኩ። ሽማግሌው በዓይናቸው ገረመሙኝ፤ "የአባትህን መኪና?" አጭር የብረት አንገት በኮፈኑ ውስጥ ቆሞ በብረት እንዲታሰር አደረጉና ከሰልባትዮው ጋር በወፍራም የቤንዚን ቱቦና በሁለት ፋሼታ አገናኙት። ቱቦው የቤንዚን መሆን አለበት። የውሃ ፕላስቲክ ብታስገቡ በጥቂት ወር ውስጥ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ጌጁ። የአባቴ መኪና የቤንዚኑን መጠን የምታሳየው በሽቦ ገመድ እየተጎተተ ነው፤ የአዲሱ ሰልባትዮ በኤሌክትሪክ ነው፣ ለዚያውም ለ12 ቮልት። እሷ ደግሞ 6 ቮልት። ስለዚህ ተውነው። የድሮዎቹ ቮልሶች እኮ ከነጭራሹ ጌጅ አልነበራቸውም! ቤንዚን ሲያልቅ ሾፌሩ ከሥሩ ያለችውን መክፈቻ ያዞርና አምስት ሊትር መጠባበቂያ ይለቀቅለታል፤ የቀረውን በእንጨት ይለካል። እኛም የወይራ እንጨት ጠረብን። አምስት ሊትር ቀድተን እንጨቱን ነክረን በቢላ ምልክት፣ እንደገና አምስት ሊትር፣ ምልክት... እስከ አርባ። ስምንት ምልክት ያላት ያቺ እንጨት እስከ ዛሬ ተሳስታ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ስንሠራ ልጁ መጣ። እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ በር ላይ ቆመ። ሽማግሌው የልጁን እናት ያውቋቸዋል፤ እሳቸው ናቸው ያስጠሩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ጫማውን እያየ "መቶ ብሩን አልተቀበልኩም እኮ፣ ጋሼ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሰልባትዮውን ከሥር ማየት ጀመረ።

አሁን ደግሞ የኔን ሁለተኛ ጥፋት ስሙ። መኪናዋ ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ጀመር። ሰልባትዮው አንገት አጠገብ አንዲት ቀጭን ቱቦ አለች፤ ሽታው ከሷ ነው አልኩና ለማንም ሳልነግር በቡሎን ደፈንኳት። በማግስቱ ልጁን ይዤ ለሙከራ ወደ ኮሶዬ ወጣሁ። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ ታፈነች፣ ሳለች፣ ቆመች። ካንዴላ አየሁ፣ ፖምፓውን አየሁ፣ ደህና ነው። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ የሰልባትዮውን ክዳን ፈታ አደረገው። "ሽሽሽሽ!" አለ፣ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ። "አስነሳት" አለኝ። ተነሳች! ሃያ ደቂቃ ሄደን እንደገና ቆመች፤ እንደገና "ሽሽሽ"።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ትንፋሽ አጥቷል" አለ። ቀጥሎ ቡሎኗን አገኛት። ከቡሎኗ ወደ እኔ፣ ከኔ ወደ ቡሎኗ አየ። እኔ ምን ልበል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖምፓው ቤንዚን ሲስብ የወጣውን ያህል አየር መግባት አለበት። ካልገባ ሰልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ያቺ ቀጭን ቱቦ መተንፈሻው ነበረች። ሰልባትዮ የምታስቀይሩ ሁሉ መተንፈሻው የቱ እንደሆነ ሳታውቁ ምንም ነገር አትድፈኑ። ሽታው የመጣው ደግሞ ጭራሽ ከሌላ ቦታ ነው፤ የአንገቱ ፋሼታ አልጠበቀም ነበር። ልጁ በአንድ እጁ አጠበቀው። መተንፈሻዋን ደግሞ ኋላ ጋራዥ ስንመለስ መጀመሪያ ወደ ላይ ከአንገቱ ከፍ አድርጎ፣ ከዚያ አጥፎ ቁልቁል ከመኪናው ሥር አወጣት። ዳገት ላይ ቤንዚን እንዳይተፋ፣ ሽታውም ጋቢና እንዳይገባ ነው። ማን አስተማረህ ብለው "ሳስበው" አለኝ።

ደባርቅ

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሰርጉ ሆነ። ከኋላችን አምስት ቶዮታ ክላክስ እየነፋ ሲከተል፣ የአባቴ ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ከፊት ትወጣለች። ሚዜዎቼ በንዴት ሊሞቱ ደረሱ፤ ማለፍ ነውር፣ መከተል ስቃይ! እኔ እነዳለሁ። ልጁ ከጎኔ እንጨቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ "ቤንዚኑን የምጠብቀው እኔ ነኝ" ብሎ ነው የመጣው። ዳባት ላይ ቆመን ለካ። አምባ ጊዮርጊስም ላይ ለክቶ ነበር፣ አያስፈልግም እያልኩት።

ሙሽራዬን ይዘን ልንወጣ ስንል ቤተ ዘመዱ መኪናዋን ከበበ። እሷ ከኋላ ወንበር ገብታ ቬሏን እየሰበሰበች ነበር። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ እንጨቱን ነከረ፣ አወጣ፣ በብርሃን አየው። "አሥራ አንድ ሊትር በልታለች" አለኝ። ይሄኔ ከሙሽራዬ አጎቶች አንዱ፣ ካባ የደረቡ ትልቅ ሰው፣ ሲጋራቸውን እንዳቀጣጠሉ "እስቲ ይቺን ጉድ ልያት" ብለው ወደ ኮፈኑ ጎንበስ አሉ።

"ያጥፉት!" ብሎ ጮኸ ልጁ።

ጭፈራው ቀጥ አለ። በሰርግ ቤት፣ በሰው ፊት፣ ሽማግሌ ላይ! አጎትየው ቀና ብለው ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ምን አልክ አንተ?" አሉ። ልጁ እንጨቱን ወደ ግራ እጁ አዞረና ቀኙን፣ ቆዳው ገና ቀይና የተሸበሸበ የሆነውን፣ በፊታቸው ዘረጋ።

"ያጥፉት፣ አባባ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አጎትየው እጁን አዩት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና ሲጋራውን መሬት ጥለው በአዲሱ ጫማቸው ደጋግመው ረገጡት። ልጁ ክዳኑን ገጥሞ ኮፈኑን ዘጋ፤ ሙሽራዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "አሁን እንሂድ" አለች።